ሦስት ጊዜ የታጠበ ጨው

ጨው ይታጠባል? በእኛ ቤት ይታጠባል። ያገባሁት ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ካለ ቀበሌ፣ ቁርኣን ከሚቀራበት ቤት ነው። አማቴ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ጨው ከገበያ በመጣ ቁጥር ወንፊት ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ ውኃ ያፈሱበታል፤ ከዚያ ሰፌድ ላይ አስጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። «ከአፋር እዚህ እስኪደርስ ስንት እግር ረግጦታል፣ ጆንያውን ስንት ውሻ ልሶታል። እኔ ነጃሳ ይዤ ለደረሳ ወጥ አልሠራም» ይላሉ። ነጃሳ ርኩስ ማለት ነው፤ ደረሳ የሚሏቸው ደግሞ ባለቤታቸው ዘንድ ቁርኣን የሚቀሩትን ተማሪዎች ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አለች። ከእሷ ጨው ላይ ጠብ ሲደረግ፣ አዮዲን ያለው ጨው ሰማያዊ ይሆናል፤ የሌለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ጠብ አደርጋለሁ፣ እለፈልፋለሁም፦ አዮዲኑ እንዳይጠፋ ጨው አይታጠብ፣ ፀሐይ አይምታው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ ይጨመር። እርጉዝ ያለችበት ቤት ሲሆን ደግሞ ድምፄ ይጨምራል፤ አዮዲን ያነሰው ፅንስ አእምሮውም ጆሮውም ሊጎዳ ይችላልና። ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ቤቴ ስመለስ፣ የእማማ ሰፌድ ደጃፋችን ላይ ተሰጥቶ ይጠብቀኛል።

እንዲህ እያለሁ አረገዝኩ።

ምራት አማቷ በሠሩት ወጥ ላይ ጨው ብትነሰንስ በእኛ ዘንድ «ወጥዎ አይበላም» ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሰፌዱን አንሡ ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም። ባሌ የሚሠራው ደሴ ነው፤ በስልክ ስነግረው «እናቴን ብቻ አታስከፊብኝ እንጂ እንደፈለግሽ አድርጊ» አለኝ። በእሱ ቤት መፍትሔ መስጠቱ ነው! የታሸገ ጨው ገዝቼ ከልብሴ ሥር ደበቅሁ። ምሳ ከተበላ በኋላ ጓዳ እገባና መዳፌ ላይ ትንሽ አድርጌ እንደ ፍየል እልሳለሁ። አገር የማስተምር ሴት በገዛ ቤቴ የጨው ሌባ ሆኜ ቀረሁ።

ከጓዳው ቀዳዳ የባሌ ታላቅ ወንድም ደጅ እንጨት ሲፈልጥ ይታየኛል። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እማማ በእጅ ምልክት ነው የሚያነጋግሩት። ክፉ አያውቅም፣ ውኃ እንኳ እንድሸከም አይፈቅድልኝም። እኔ ግን እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴን እይዝ ነበር። ያሳፍረኛል፣ ግን እይዝ ነበር።

አንድ ቀን የሴቶች ስብሰባ እኛ ቤት ሆነ። ሁሉም ከየቤታቸው ትንሽ ትንሽ ጨው ይዘው መጥተው ጠብ ሳደርግላቸው፣ አንዷ ጎረቤት ፈገግ ብላ «የራስሽ ቤትስ?» አለችኝ። እማማ ወዲያው ተነሥተው ጨዋቸውን በሳህን አመጡ።

«በይ እዚህ ላይ አድርጊ» አሉ። «በዚህ ቀበሌ እንደ እኔ ጨው የጠራ የለም።»

ሴቱ ሁሉ ያየኛል። እምቢ ብል ምን እላለሁ? ጠብ አደረግሁ። የጎረቤቶቹ ጨው ሰማያዊ ሆኗል፤ የእማማ ነጭ እንደሆነ ቀረ። እማማ ሳህኑን አንሥተው ለሁሉም አዟዟሩት። «አያችሁ? የእናንተ ቆሻሻው ወጣ። የእኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አላወጣም» አሉ።

ሴቶቹ ሰማያዊው ምን እንደሆነ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ እማማን ማን ያሳፍራል? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ማሻአላህ» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠውና፣ ማሻአላህ አልኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማማ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ይኼ ሁሉ ሴት እንዲህ ዝም የሚለው ለቅሶ ቤት ነው። ምንድነው የደበቃችሁኝ?» አሉ። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። ሰማያዊውንም፣ ነጩንም፣ እጥበቱንም፣ ከልብሴ ሥር የደበቅሁትንም ጨው ሳይቀር ነገርኳቸው። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን በበሩ ወደ ደጅ አዩ። ልጃቸው እንጨቱን እየከመረ ነበር።

«እሱስ?» አሉ። «እሱም በእኔ እጥበት ነው?»

ያኔ ወደዚህ አገር ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ልጅ በማሕፀን ሳለ ጆሮውን የሚያጣበት ምክንያትም አንድ ብቻ አይደለም። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ግን ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ነቅለው እኔ ላይ ተከሉት።

«አይደለም እማማ» አልኳቸው። «ወላሂ አይደለም።»

በማግሥቱ ሰፌዱ ከደጃፉ ጠፋ። ጨው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገባ፤ እማማም ወጡ ከወረደ በኋላ በእጃቸው ይጨምሩና «ቅመሽው እስቲ፣ ይበቃሻል?» ይሉኝ ጀመር። እፎይ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። እፎይ አላልኩም።

ልጄ አሁን አምስት ወሯ ነው። በየጠዋቱ እማማ ከኋላዋ ቆመው ያጨበጭባሉ። ልጄ ትዞራለች። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ደጅ ያለውን ልጃቸውን ያዩታል። እሱ ጀርባውን እንደሰጠን እንጨቱን ይፈልጣል። እኔ ልጄን ታቅፌ እቀመጣለሁ፤ ዛሬ ቢጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ እላለሁ በሆዴ። አይጠይቁኝም። ምራታቸው ወላሂ ብላለች።