ለሳሩ ጣሪያ የተገኘ ድጋፍ

የእናቴ ወንድም ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋን ሜዳ ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የአንድ አሮጌ መስጊድ ኻዲም ነበሩ። መጥረግ፣ የውዱእ ውሃ መቅዳት፣ በር መክፈትና መዝጋት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ጣሪያው መጨነቅ ሥራቸው ነው። እኛ ቤት አጎት አይባልም፤ በኦሮምኛው «ኤሱማ» ነው የምንላቸው። መስጊዱ ክብ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶዎቹ ወይራ፣ ጣሪያው ሳር። ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱን ቅድመ አያት ስለሚጠራ፣ በጣም አሮጌ ነው በሚለው ብቻ ተስማምተን እንለያያለን።

ጣሪያውን በየዓመቱ የሚያድሰው ደቦ ነበር። አጨዳ ሲያልቅ ከየቤቱ አንድ ሸክም ሳር ይመጣል። የየቤቱ ቦታ በጣሪያው ላይ የታወቀ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። የእኛ ድርሻ ከመግቢያው በር በላይ ነበር። ክረምት ገብቶ አንድ ቦታ ካፈሰሰ የማን ሳር እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት ይበቃል። ሳር የሰሰተ አባወራ እስከ መስከረም መቀለጃ ሆኖ ይከርማል፤ ሚስቱም ውሃ ስትወርድ አትተርፍም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። የራሳችን ቤት እያፈሰሰብን ምርጡን ሳር ለመስጊዱ ይሸከማል።

እንዲህ እያለን አንድ ዓመት ራዲዮው ስለ ቅርስ ማውራት አበዛ። ታሪካዊ ቦታ ያላቸው ሰዎች ድጋፍ ያገኛሉ ተባለ። ድጋፍ የሚለው ቃል ኮረብታው ላይ እስኪደርስ ድረስ ሲሚንቶ፣ የቧንቧ ውሃና መብራት ሆኖ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም የአስፋልት መንገድ ታይቷቸዋል። ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ከሚሴ አስተማሪ ስለነበርኩ ጸሐፊ ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ተመላለስን። ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ናቸው። ጃኬታቸው ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንግዳ ይቀበላል። በመጨረሻ፣ ይመስለኛል ፊታችን ስለሰለቻቸው፣ አንድ ወጣት ባለሙያ በመኪና ላኩልን። መስጊዱን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አነሳ፤ ምሰሶዎቹን ዳበሰ፤ በጣም ደስ አለው። እኛም ደስ አለን። ከዚያ ውሳኔውን ነገረን።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዳለ ተጠብቆ መቆየት አለበት። ምንም ነገር እንዳይነካ።»

«ሳሩስ?» አሉ ኤሱማ።

«ሳሩም ቅርስ ነው፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ይኼ ሳር አምና ኅዳር የታጨደ ነው። ካቻምና ሌላ ነበር። የትኛው ነው ቅርሱ?»

ባለሙያው ትንሽ አሰበና «አሁን ያለው» አለ።

ብዙ ሳይቆይ ድጋፉ መጣ። ድጋፉ ታፔላ ነበር። ወፍራም ቆርቆሮ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም «ይህ ቅርስ ነው። መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሲሚንቶም አልቀረብንም፤ ለታፔላው እግር መትከያ ተቦካ።

በዚያ ዓመት ደቦ አልተጠራም። ክልከላውን የፈሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን መንግሥት ሊሠራው እኛ ምን አደከመን ብለው ሳሩን ለከብት ሰጡ። ኤሱማ ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ፤ ሰው ሁሉ ወደ ታፔላው እየጠቆመ መለሳቸው። ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያው በየቦታው አፈሰሰ። ሳሩ የመንግሥት ስለሆነ ማንም አላፈረ፤ የሚሳቅበት ሰው ራሱ ጠፋ። ኤሱማ ቁርኣኖቹንና ቁርኣን ተማሪ ደረሶቹ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ ታቅፈው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያሸሹ ከረሙ። እርጥቡ መሬት ላይ መቀመጥ ያቃታቸው ደረሶች አንድ በአንድ ወደ ሌላ መስጊድ ሄዱ። ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ፤ በጀት ሲለቀቅ ተባልኩ። ጃኬቱን ቀዳድጄው ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

በተከታዩ ክረምት፣ ስንሰግድ ፊታችንን በምናዞርበት በቂብላ በኩል ያለው ጣሪያ ግድግዳውን ይዞ ወረደ። ኤሱማ ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የሞተች ዕለትና ያን ቀን ብቻ ነው። «በሳር እጦት?» ይላሉ ደጋግመው። «ይኼ ሁሉ ሳር ባለበት አገር?»

ቢሮው ዝም አላለም፤ ሥልጠና አዘጋጀልን። ከሚሴ አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃ በየፊታችን ተደረደረ፤ ከመድረኩ በላይ ደግሞ የማኅበረሰቡን የባለቤትነት ስሜት ስለማሳደግ የሚናገር ጨርቅ ተሰቀለ። አሠልጣኙ መስጊዱ የወደቀው ማኅበረሰቡ በቅርሱ ላይ የባለቤትነት ስሜት ስለሌለው መሆኑን በሰፊው አስረዳን። ከሻይ በኋላም አስረዳን። ኤሱማ እጃቸውን አወጡ።

«ያ ጀማዓ፣ ስሜቱ እኮ ነበረን» አሉ። «አትንኩ ስትሉን ጊዜ ነው ያስቀመጥነው። ወላሂ፣ ካስፈለገ ዛሬውኑ እናወጣዋለን።»

«በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፤ ይያዝልን» አለ አሠልጣኙ። ከዚያ ምሳ ተበላ። ስለ ምሳው ክፉ አልናገርም፤ ከድጋፉ ሁሉ አንጀት የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

ኤሱማ ግን ያሉትን የምር ነበር ያሉት። አጨዳው እንዳለቀ ማንንም ሳያስፈቅዱ ደቦ ጠሩ። ያን ዕለት ኮረብታው ላይ ስደርስ ግድግዳው ተማግሮ ጭቃ እየተመረገ፣ ሳሩ በየሸክሙ ተከምሮ፣ ወጣቶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ነበር። ሰው የየቤቱን ቦታ አልረሳም፤ ሁለት ዓመት ያልነኩትን ጥግ እየተሻሙ ያለብሱታል። እኔ የኮሚቴ ጸሐፊ እንደመሆኔ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የመጣሁ ነበርኩ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ካሜራ አንግቼ።

ኤሱማ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አቲ ሆ? አንተስ? ያባትህ ሳር የታለ?»

ጸሐፊ ነኝ፣ ከተማ ነው የምኖረው፣ ሳር ከየት አመጣለሁ እያልኩ ጀመርኩ። አልጨረስኩም። ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ከበሩ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ቀና ብሎ ያይ ነበር። ወለሉ ላይ የብርሃን ክብ ወድቋል፤ የአባቴ ቦታ ነው። እዚያው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኤሱማ ወደ ታፔላው ሄዱ፤ ሁለት ጎረምሶች አግዘዋቸው ቆርቆሮውን ከብረቱ ላይ ፈቱት። አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በል ውጣ» አሉኝ። «ያመጣኸው ይኼን ነው፤ እሱኑ አልብሰው።»

በንጹሕ ሸሚዜ መሰላሉን ወጣሁ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙሬ ባዶው ቦታ ላይ በምስማር መታሁት። መስጊድ ውስጥ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ዛሬም መንካት ክልክል መሆኑን ያነባል። ከዚያ ወዲህ ምርጡን ሳር ይዤ በየደቦው እሄዳለሁ፤ ኤሱማ ግን ቆርቆሮው እንዲነሳ አልፈቀዱልኝም። ዝናብ ሲመጣ የሰው ሁሉ ሳር ዝም ብሎ ይጠጣል፤ የእኛ ቤት ድርሻ ብቻ ይንኳኳል። ሰላት አብቅቶ ዝናብ ከያዘን ኤሱማ ጆሯቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጉና፣ እኔን ሳያዩ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ድጋፉ መጣ» ይላሉ።