የከባድ መኪና አሠልጣኜ

በአርባ ስምንት ዓመቴ መምህርነቱን ትቼ ሶዶ የከባድ መኪና ሥልጠና ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ጋቢና ውስጥ ስገባ አሠልጣኙ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር አጋጨው።

«ቲቸር!»

ሻንቶ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ መምህር ሲገባ መነሳት እስካሁን አልለቀቀውም።

ሌላው ሠልጣኝ ላይ «ፍሬን ያዝ!» እያለ ይጮህበታል። እኔ ወደኋላ ስነዳ አጥሩን ደረመስኩት። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጥሩ ጋ ሳንደርስ አልቀረንም» አለኝ።

ከዚያ መሪውን ተቀብሎኝ ያንን ግዙፍ መኪና እንደ ባጃጅ እያጣጠፈ ለልምምድ በተተከሉ ሁለት እንጨቶች መሃል ሲያቆመው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አሁን እርስዎ ይሞክሩ።»

በላብ ተጠምቄ፣ እንጨቶቹን ሳልነካ አቆምኩት። እሱ ዘሎ ወረደና ወደ ሠልጣኞቹ ዞሮ፣ ክፍል ውስጥ እኔ እልበት በነበረው ድምፅ፣ «ጎበዝ ተማሪ! አጨብጭቡላቸው!» አለ።