ወሬው ቀድሞት ገባ

ይልማ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ልጅ ነው። አባቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሱም በወጣትነቱ «ሐዲድ» ለሚባለው ቡድናችን በቀኝ ክንፍ ተጫውቷል። ያኔ ከድሬዳዋም ከአዲስ አበባም የመጣ ተጫዋች ደጃችንን ይጠና ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ የገባ በጣቢያው ሥራም ቤትም ያገኝ ነበርና። አሮጌው ባቡር ሲቆም ቡድኑ ዋንጫዎቹን ታቅፎ ቀረ። ዛሬ ይልማ አሠልጣኝም፣ ወጌሻም፣ ዘበኛም ሆኖ ብቻውን ይደክማል። እኛ ጡረተኞቹ ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንተቸዋለን፤ ከዚህ የሚቀል ሥራ የለም።

ዘንድሮ የከተማው ስፖርት ኃላፊዎች ቁርጡን ነገሩት። ደህና አጥቂ ካላመጣ ቡድኑ ለውድድር አይመዘገብም። የቀረው ተስፋ ረድዋን ብቻ ነበር፤ እዚሁ ጣቢያው ግቢ ተወልዶ፣ በይልማ እጅ ኳስ ለምዶ፣ አሁን ሰመራ የሚጫወት ልጅ ነው። ይህ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም ብሎ ይልማ በሰመራ በኩል ወደ ገላፊ በሚሄድ ከባድ መኪና ጋቢና ተሳፈረ።

መንገድ ላይ፣ አዳይቱ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው እስኪጨርስ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀምጠው ዳጉ ጠየቁት። ዳጉ መንገደኛ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ የሚያወራበት ወግ ነው፤ የዋሸበት ሰው ዳግመኛ አይታመንም። ይልማ ከአፋር ጋር ያደገ ሰው ነውና እንደ ወጉ ተናገረ። የዝናቡን፣ የገበያውን፣ የመንገዱን ነገር አወራቸው። እኔ ብሆን እዚያ ላይ አቆም ነበር። እሱ ግን ሜዳውን ፍየል እንደሚውልበት፣ የተጫዋቾቹ ማደሪያ በር እንደሌለው፣ ደህና ደህናው ልጅ ቡድኑን ትቶ ባጃጅ እንደሚነዳ አልደበቀም። ረድዋንን ሊያመጣ መሄዱንም ጨመረ። ተናግሮ ቀለል አለው፤ ወሬ ጎማ እንደማያስፈልገው አላሰበም።

ሰመራ ሲደርስ ረድዋን ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይልማ ስለ ዋንጫው፣ ስለ ድሮው ደጋፊ፣ መንገድ ላይ ያጠናውን ሁሉ ሊጀምር ሲል ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ የማደሪያው በር እስካሁን አልተሠራም አሉ። እውነት ነው?»

ይሠራል ማለት ይችል ነበር። እኛም ብዙዎቹን እንደዚያ እያልን ነው ያመጣናቸው። ይልማ ግን አዳይቱ ላይ የተናገረውን ሰመራ ላይ ማጠፍ አልሆነለትም።

«እውነት ነው» አለ።

ረድዋን ሻይ አዘዘለት፤ ስለ ሰፈሩ ሰውም አንድ በአንድ ጠየቀው። በመጨረሻ «ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ግን አልመጣም» አለው።

በመልሱ ጉዞ የተሳፈረበት መኪና ሾፌር ምሳ ሊበላ አዳይቱ ቆመ። ሽማግሌው እዚያው ጥላ ሥር ነበሩ፤ እንደ ወጉም ዳጉ ጠየቁት። ይልማ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ እስከዚያ ድረስ ነገሩን ለራሱም አልተናገረውም ነበር።

«ልጁ አልመጣም» አላቸው። «ሐዲድ የሚባል ቡድን ከእንግዲህ የለም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «አላህ ያጽናህ» አሉት።

አዋሽ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሶን ነበርና ማናችንም ምን ይዘህ መጣህ አላልነውም። ሁልጊዜ በወቀሳ የምንቀበለው ሰዎች ተነሥተን ወንበር ለቀቅንለት፤ አልተቀመጠም። ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ባይሽ ማሊያዎቹን አጥባ፣ እያጣጠፈች ሳጥን ውስጥ ስትከት አገኛት። አጠገቧ ቁጭ አለና አብሯት ማጣጠፍ ጀመረ።