የፍሉ መርፌ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»

ነርሷ ዛሬ በጨዋነታችን ተደነቀች። ፍርሃት መሆኑን የት ታውቃለች!

ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ለንደን፣ ሆሎዌይ ያለው ክሊኒክ ሄድን፣ የፍሉ (የኃይለኛ ጉንፋን) ክትባት ልንወስድ። እሳቸው አስም አለባቸው።

በሩ ሲከፈት «አንቺ ቅደሚ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

«ኧረ በሞቴ! ታላቅ እያሉ?»

ድግስ ላይ ማንንም የማያስቀድሙ ሴትዮ!

በመጨረሻ ስለ ክትባቱ በአማርኛ የተጻፈውን ወረቀት መዘዝኩ። ማንበብ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፤ አማርኛውን እንደ ዜና አንባቢ አንበለበልኩት። ሰልፉ ጠበቀኝ። ይጠብቅ!

እትዬ ግን «ጥቁር ሴት አመመኝ ስትል ይሰሟታል የሚል አለው?» አሉ። አምና መተንፈስ አቃተኝ ቢሉ ፓራሲታሞል ሰጥተው መልሰዋቸው ነበር።

እሱ አልተጻፈም። ነርሷን ጠየቅኋት። መርፌውን አስቀምጣ የአምናውን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ካመማቸው የሚደውሉበትን ቁጥርም ጻፈችላቸው።

«አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«የወረቀቱን ጀርባ ገና አላነበብኩትም» አልኩ።

እትዬ ክንዴን ጨምድደው ያዙ፦ «ተወግተሽ ታነቢዋለሽ!»

እናንተስ ክትባት በር ላይ ማንን አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ? በጽሑፍ መልሱልኝ፤ አሁን ማንበብ ስለቻልኩ ቮይስ መላክ ቀርቷል።