የሞጣው ሽማግሌ ጋሻ

ዛሬ ጠዋት ፊቷን የነጨች ሴት ቢቸና ካለው ሱቃችን በር ላይ ቆማ፣ "የአባቴን ጋሻ ለእሑድ ብቻ አውሱኝ" አለችን።

ከሞጣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ነው የመጣችው። አባቷ ሞተዋል።

እኔና ባለቤቴ የምንተዳደረው በሐራጅ አሮጌ ዕቃ እየገዛን መልሰን በመሸጥ ነው፤ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ያማረ ኮርቻ። ባለፈው ዓመት የአባቷ ንብረት፣ የመሬት ግብር አልከፈሉም ተብሎ በሐራጅ ሲሸጥ፣ ብር የተለበጠበትን ጋሻ የወሰድነው እኛ ነን። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ነበር ያስረከቡን። "ዝናብ እንዳያገኘው" አሉ።

እሑድ ለቅሶአቸው ነው። በእኛ አገር የሟች ጋሻና ጠመንጃ ወጥቶ አልቃሽ ካላነሣው፣ ሰውየው በወጉ አልተለቀሰም። ጠመንጃቸውም በዚያው ሐራጅ ሄዷል።

ጋሻው ግን የዓባይን ድልድይ ከተሻገረ ከርሟል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፈረንጅ ገዝቶታል።

ባለቤቴ ገባና ከግድግዳው ላይ ሌላ ጋሻ አውርዶ ወጣ። "እህቴ፣ ይኼን ውሰጂ። ከሩቅ አይለይም" አላት። ነጋዴ አይደል፣ ለሐዘንም ምትክ ዕቃ አያጣም።

ሴትዮዋ ተቀብላ አገላበጠችው። እጀታውን ዳበሰች። ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችለት።

"ይኼ እኮ የሌላ ሰው አባት ነው" አለችና ባዶ እጇን ሄደች።

እሷ ከሄደች ጀምሮ የሱቃችንን ግድግዳ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

እናንተም አሮጌ ዕቃ የምትገዙ ወዳጆቼ፣ እስቲ ንገሩኝ። እናንተ ቤት የተሰቀለው የማን አባት ነው?