በጆሮው የሚበይደው ሰው

አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ መከለያ ብረት የሚበይደውን ሰው ስሙን አላውቅም። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ቱታው በፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር ሲያደርገው ብርሃኑ ቦግ ይላል፤ የኤሌክትሮዱ ጫፍና የሁለቱ ብረቶች ጠርዝ አብረው ቀልጠው ሲበርዱ አንድ ይሆናሉ። ሌላ በያጅ የቀለጠውን ብረት በጭንብሉ ጥቁር መስተዋት እያየ ይከተለዋል። ይኼ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ዘይት ላይ እንዳለ ሽንኩርት አንድ ወጥ ድምፅ ካሰማ ብየዳው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከተንጣጣ አልያዘም» አለኝ።

የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራገፈና እስኪበርድ ጠብቆ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ወንድሜ፣ ቀዳዳ ካለ እየው እስቲ። ለፎርማኑ ግን እንዳትነግር አደራህን!»

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ጭጋግ ብቻ ነው የማየው። ሚስቴም አታውቅም።»

ነገ እዚህ ብረት ላይ ሕፃናት ይደገፋሉ።

«እኔ እንጃ፣ ያማረ ነው» አልኩት።

«ማማሩማ ከላይ ብቻ የተለጠፈውም ያምራል!»

ይህን ብሎ በዳበሳ መከለያውን ተሻገረ። የበየደውን ቋሚ በሁለት እጁ ጨብጦ መላ ሰውነቱን ወደ ባዶው ለቀቀው፤ ሁለቴ ነጠረበት። ብረቱ ሲጥ አላለም።

ላብ አጥምቆት ተመለሰ። «ይኼ ይዟል። ስንት ቋሚ ቀረኝ?»

ቆጠርኩለት። አሥራ አንድ።