ለታችኛው ረድፍ ሙቅ ውሃ

እኔ ቶሎ የምናደድ፣ ቶሎ የምስቅ፣ አፌም የማያርፍ ሴት ነኝ። የማኅበራችን ሰዎች የሙቅ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጉኝም ለዚሁ ነው። "አንቺ ካለሽ ስብሰባ ላይ ማንም አያንቀላፋም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የምንኖረው ሰቆጣ ዳር፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ የማኅበር ቤት ነው። ሦስት ረድፍ ነው፤ የላይኛው፣ የመሐሉ፣ የታችኛው። የብሎኬት ቤት ሲያዩት ያምራል፤ ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲወርድ ግን ውስጡ ያለ ሰው ያውቀዋል። ለፊት መታጠቢያ እንኳ ከሰል እናነድ ነበር። መብራት ጠፍቶ በከረመበት ዘመንማ በከተማው ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦ ሁሉ ምድጃችን ገብቶ አለቀ። ጋራው ተላጭቶ ስናየው ደነገጥን። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሐሳብ የመጣው። ዋግ ላይ ፀሐይ አትጠፋም፤ ታዲያ ለምን ከላይ ትልቅ የፀሐይ ማሞቂያ ተክለን፣ ሙቁን ውሃ በአንድ መስመር ለሁሉም ቤት አናወርድም? ውሃው ቁልቁል ስለሚወርድ ፓምፕም አያስፈልገው። የሚረዳን ድርጅት ተገኘ፣ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ፣ እኛም ዶማ ይዘን ወጣን።

እናቴን ከገጠር፣ ከፃግብጂ፣ ያመጣኋት በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ነበረች። አንዱ ወንድሜ ሳውዲ ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ። የታላቅ ወንድሜ ልጅ እዚያው ሠፈር ቢኖርም የሚውለው ከከብት ጋር ነው። አንድ ክረምት ደጇ ላይ አንሸራትቷት ወድቃ፣ ሰው እስኪያገኛት ጭቃ ላይ ዋለች። ይህን ስሰማ በማግስቱ ሄጄ ይዣት መጣሁ።

መጣች እንጂ አልተቀመጠችም። ጠዋት ስትነሣ "መቼ ነው የምትመልሽኝ?" ማታ ስትተኛ "መቼ ነው የምትመልሽኝ?"

"እማየ፣ ምን ጎደለብሽ?" እላለሁ።

"ቤትሽ ይበርዳል። ግድግዳው ይበርዳል፣ ወለሉ ይበርዳል። የማዋራውም የለኝ።"

የማዋራው የለኝ ማለቷ እውነት ነበር። እናቴ አፏን የፈታችው በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ግን ቶሎ ይደክማታል። ልጆቼ ደግሞ በኽምጣና ብትጠይቃቸው በአማርኛ ይመልሱላታል። እኔ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ሳይንስ አስተምራለሁ። እሷ መስኮት ሥር ጋቢ ተከናንባ ትውላለች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ። "ጥምቀትን የምውለው ቤቴ ነው።" እናቴ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። ያ የወደቀችበት ደጅ በዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ጀመር።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። ቁፋሮው ጥሩ ሄዶ ነበር፤ በመሐሉና በታችኛው ረድፍ መካከል ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን አለት አጋጠመን። ዶማው እሳት ይተፋል እንጂ አለቱ ንቅንቅ አይልም። ቧንቧውን አለቱ ላይ አጋደምነው። ሙቀት እንዳያመልጥ ቧንቧው የሚለብሰው ስፖንጅም እዚያው ስንደርስ አለቀ። ባለሙያው አልተቸገረም።

"ጭድ ጠቅጥቁበትና ከላይ በጭቃ ምረጉት" አለ።

ከመሐሉ ረድፍ አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው አዩት።

"ምን አልከኝ ልጄ?"

"ጭድ፣ አባባ። ጭድ ሙቀት ይይዛል።"

"የከብት ቀለብ መሬት ውስጥ ልትቀብር? አንተ ድርቅ አይተህ አታውቅም!"

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ጭድ ሙቀት እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጭድ ሲቀበር ቆሜ ለማየት እኔም ሆዴ እሺ አላለኝም። እዚህ አገር ጭድ የፈለገ ስንት መንገድ እንደሚሄድ እናውቃለንና። በድንጋይ ከበብነው፣ በጭቃ መረግነው። ሲደለደል ረጅም መደብ መሰለ። ባለሙያው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

ውሃው የተለቀቀ ቀን እልልታው ቀለጠ። የላይኛው ረድፍ ጎረቤቴ ሐጂ፣ ገበያው ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ለፈጅር ሶላት በሙቅ ውሃ ውዱእ አድርገው ሲወጡ "አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ዛሬ ገና ተወለደ!" አሉኝ። እኔም ፀጉሬን ታጥቤ ከሰል ሳልነካ ወጣሁ። ደስ ሲል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም። አንድ ጠዋት እናቴን መስኮቱ ሥር አጣኋት። ስወጣ እዚያ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ሌሎች ሦስት አሮጊቶች አሉ። መደቡን በእጄ ነካሁት። ይሞቃል! ድንጋዩ የቧንቧውን ሙቀት እየጠጣ ወደ ላይ ያወጣዋል። አንዷ ከሰቆጣ ዙሪያ ናት፣ ሁለቱ ከእናቴ አገር፤ ሁሉም ኽምጣና ያወራሉ። በየልጆቻቸው ቤት እንደ እሷ መስኮት ሥር ተቀምጠው ኖረዋል፤ ማንም ስለማንም አያውቅም ነበር። ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ስትስቅ ከሩቅ ሰማኋት። ከአባቴ ቀብር ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

"መቼ ነው የምትመልሽኝ" ቀረ። ጥምቀትም አልተነሣም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬን ሳልጠግበው ከታችኛው ረድፍ አንድ ልብስ ሰፊ ቤቴ መጣ። ሚስቱ አራስ ናት።

"እትዬ፣ እናንተ ትታጠባላችሁ፣ መቀመጫችሁም ሞቋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ቀዝቃዛ ነው። ይሞቅ ይሆን ብለን ቧንቧ ከፍተን እንጠብቃለን፣ እንጠብቃለን፣ ወፍ የለም! ለሕፃኑ ዛሬም ከሰል ነው ያነደድኩት።"

ወዲያው ገባኝ። እነሱ ከፍተው ሲጠብቁ ሙቁ ውሃ መደቡ ሥር ያልፋል፤ ሙቀቱን ድንጋዩ ይቀበለዋል፤ ለእነሱ የሚተርፈው ቀዝቃዛው ነው። የእናቴን ወገብ የሚያሞቀው የዚያ ሕፃን ውሃ ነበር። ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። "ያንን ቦታ ሸፍኑት፣ ሌላ መላ የለውም" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አሮጊቶቹም ከመደባቸው አልተነሡም። ነገሩን አስረዳሁ፤ አስረድቼ ስጨርስ ግን አፌ አላስችል አለኝ።

"እኔ በበኩሌ እንዲሸፈን አልፈልግም!"

"ሰብሳቢዋ?" አሉ ሐጂ።

"አዎ፣ ሰብሳቢዋ! እናቴ ከመጣች ጀምሮ ሰው የሆነችው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ይሄ ከቀዘቀዘ ትሄዳለች። እዚያ ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ብትወድቅ የሚያነሣት የለም። በቃ፣ እውነቱ ይሄ ነው፤ ምን ታደርጉኛላችሁ?"

እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ልብስ ሰፊው አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "የእርስዎ እናት የእኔም እናት ናቸው፣ እትዬ" አለ። "ግን ልጄ ገና አርባ ቀኑ አልሞላም።"

እናቴ የነጠላዬን ጫፍ ጎተተች። "ምንድን ነው የሚለው?" አለችኝ በኽምጣና። ነገርኳት። ሰውየውን አየችው፣ የተቀመጠችበትን ድንጋይ በመዳፏ ዳበስ አደረገች፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ጀመረች።

"እኔ ቁጭ ብዬ ልሙቅ፣ ሕፃኑን ይብረደው? አንቺ፣ ምን ነካሽ? ሸፍኑት!"

ሰው ፊት እንደ ልጅ ተቆጣችኝ። ቁጣዋስ ምንም አይደል፤ እኔ የሰማሁት "እሄዳለሁ" ያለች ያህል ነው።

"በምን እንሸፍነው?" የሚለው መጣ። ስፖንጅ እስኪመጣ ብዙ መጠበቅ ሊሆን ነው። ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። "የበግ ፀጉርስ? ቆዳ ከሚያመጡልኝ ሰዎች ዘንድ ሞልቷል፣ የሚፈልገው የለም።" ሁላችንም ጭድ አይቀበርም ወዳሉት ሽማግሌ ዞርን። እሳቸው ትንሽ አሰቡ። "ፀጉር ከብት አይበላውም። ይቀበር" አሉ፤ ሜዳው በሳቅ ሞላ።

ፀጉሩ በማዳበሪያ ተጭኖ ከአበርገሌም ከዙሪያውም መጣ። ታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። የማፍታታቱን ሥራ አሮጊቶቹ ወሰዱት፤ እዚያው የሞቀው መደብ ላይ ተቀምጠው።

"መቀመጫችሁን ራሳችሁ እያቀዘቀዛችሁ እኮ ነው!" ብዬ ቀለድኩ። ልሳቅ ብዬ ነበር፤ አልወጣልኝም።

"ዝም ብለሽ አቀብይን" አለች እናቴ።

ድንጋዩ ተነሣ፣ ቧንቧው ፀጉር ለበሰ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታሰረ፣ ድንጋዩና ጭቃው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ወጣች። በመስኮት አያት ነበር። ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆየች፤ ተነሣች። ስትገባ "ቀዝቅዟል" አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ከሣጥን ውስጥ ቅቤ አወጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ሄደች።

ቁርስ አለፈ፣ አልመጣችም። ልብስ ሳጥብ ቆየሁ፣ አልመጣችም። መናኸሪያ ሄዳ የፃግብጂ መኪና እየጠየቀች ይሆናል ብዬ ደሜ ፈላ። መንገድ ጀምሬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ የወንድሜ ልጅ ነው። በቅርቡ አግብቶ ከሚስቱ ጋር ከአማቾቹ ተጠግቶ ነው የሚኖረው። "አያቴን አገናኚኝ፤ ለጥምቀት ስትመጣ ቤቷን ላጽዳላት ወይ?" አለኝ።

"ጠብቅ፣ ልፈልጋት" አልኩት።

በታችኛው ረድፍ ሳልፍ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ያገኘኋት ልብስ ሰፊው ቤት ነው። አራሷ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የመደቡ አሮጊቶች በሙሉ እዚያው አሉ፤ አንዷ ጨርቅ ታሞቃለች፣ ሌሎቹ ገንፎ ላይ ናቸው። እናቴ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ሕፃኑን በግራ ክንዷ አስተኝታ፣ ቧንቧው ሥር ታጥበዋለች። ከውሃው እንፋሎት ይነሣል። ሕፃኑ አያለቅስም፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል።

እጇ ስላልቻለ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እኔ ያዝኩላት። የወንድሜ ልጅ ጥያቄውን ደገመ። እናቴ የሕፃኑን አንገት እያጠበች መለሰችለት።

"ቤቱንስ አጽዳው። አጽድተህ ሚስትህን አስገባ፤ የእናንተ ነው። እኔ አልመጣም፤ እዚህ ገና የሚታጠብ ልጅ አለኝ።"

እሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ስልኩን እንደያዝኩ፣ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ፣ ፈዝዤ ቆሜያለሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ያፈዝሻል? ሙቁ ውሃ በከንቱ እየፈሰሰ! ዝጊው እንጂ!"

እጄን ዘርግቼ ዘጋሁት።